ባዶው ግድግዳ፦ ፓነል ወይስ ፎቶ? መጀመሪያ ጥጉን እንየው

ጥያቄ፦ «ሳሎናችን ውስጥ ርዝመቱ 4 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ70 የሆነ ባዶ ግድግዳ አለ። 2 ሜትር ከ20 የሚሆን ሶፋ ተጠግቶበታል። እኔ ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ በፓነል ማልበስ እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ፎቶዎቻችንን፣ አንድ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ፣ ሁለት ቅርጫትና የአባቱን የድሮ ካሜራ እዚያ እናሳይ ይላል። ፎቶው ብቻ ሃያ ይሆናል። በግራ በኩል ታች ጥጉ ላይ ቀለሙ ትንሽ ይላላጣል፤ እሱን ፓነሉ ይሸፍነዋል ብዬ ነው። ምን ይመክሩናል?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ነገር ልጀምር፣ ቀለሙ ከሚላላጥበት ጥግ። እርስዎ እግረ መንገድዎን ነው ያነሱት። እኔ ግን ቤትዎ ብመጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ፓነሉ ይሸፍነዋል ያሉት ልክ ነው። የሚያስፈራኝም መሸፈኑ ነው።

ቀለም ከወለሉ አካባቢ ጀምሮ ሲላጥ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ውሃ አለ። ግድግዳው የጠጣው ውሃ ወደ ክፍሉ ሊተን ሲል ቀለሙን ከኋላ ይገፋዋል። ይዞት የመጣውን ጨው ደግሞ ላዩ ላይ ትቶት ይሄዳል። ጥጉን በጣትዎ ሲያሹት ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከያዘዎት ያ ጨው ሊሆን ይችላል፤ እንደገና ቀለም በመቀባት አይፈታም። እዚያ ላይ ፓነል ከተለጠፈ ውሃው መውጫ ያጣል። ከኋላ ይሻግታል። ፓነሉ እንጨት ነክ ከሆነ ያብጣል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ልክ እንዲህ ያለ ጥግ በኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ከሙጫ ተጨምቆ በሚሠራ ጣውላ) ሸፍኜ ነበር። ያኔ ያየው ሁሉ ወደደው። የዝናቡ ወራት ካለፈ በኋላ ባለቤቶቹ ደውለው «ሳሎኑ ይሸታል» አሉኝ። ፓነሉን ስነቅለው ጀርባው ጥቁር ሻጋታ ለብሷል፣ የታችኛው ጠርዝ እንደ ረጠበ ካርቶን አብጧል። ያፈረስኩትም እንደገና የሠራሁትም ከኪሴ አውጥቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ላስቲክ ሳልለጥፍ ፓነል አልገጥምም።

የላስቲኩ ነገር እንዲህ ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ይቁረጡ። የተላላጠውን ቀለም ፍቀው፣ ላስቲኩን ጥጉ ላይ አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽገው ይለጥፉት። ሁለት ቀን ይተዉት። ከላስቲኩ ጀርባ፣ ማለትም ከግድግዳው ጋር በሚገናኘው በኩል ጤዛ ከያዘ ውሃው ከግድግዳው ነው የሚመጣው። በእርስዎ በኩል፣ ላስቲኩ ፊት ላይ ከሆነ ግን ግድግዳው ሳይሆን የክፍሉ አየር ነው የታመቀው፤ መስኮት መክፈት ይበጃል። ሁለቱም ደረቅ ከሆነ እንኳን ደስ አለዎት፤ ምናልባት የድሮው ቀለም በደንብ ሳይጸዳ ተቀብቶ ይሆናል። ፈተናውን ዝናብ በሚበዛበት ጊዜ ቢያደርጉት ደግሞ የበለጠ ይታመናል።

ውሃው ከግድግዳው ከሆነ ፓነሉን ይርሱትና ምንጩን ይፈልጉ። ከግድግዳው ጀርባ መታጠቢያ ቤት አለ? በውጭ በኩል አፈሩ ከቤቱ ወለል ከፍ ብሏል? የጣሪያው ውሃ መውረጃ እዚያ ጥግ ላይ ነው የሚያፈሰው? ከሦስቱ አንዱ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሆኖ ይገኛል። ምንጩ ከተዘጋ በኋላም ግድግዳው እስኪደርቅ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ አይቸኩሉ።

እንግዲህ ጥጉ ተስተካክሏል እንበልና ወደ እርስዎና ወደ ባለቤትዎ ክርክር እንግባ። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ ብዬ መሸንገል እችል ነበር። ግን ሁለቱን ፍላጎት እንዳለ ደርቦ መሥራት አይቻልም። አሁን ሰው የሚወደው ፓነል ባለ ቦዩ ነው፤ ቀጫጭን መስመሮች ከላይ እስከ ታች የሚወርዱበት። ያ ፓነል ራሱ ጌጥ ነው። ጥላና ብርሃኑ ዓይን ይይዛል። እሱ ላይ ሃያ ፎቶ ሲሰቅሉበት ፎቶውም አይታይ፣ ፓነሉም አይታይ። ሁለት ሰው እኩል ሲናገር እንደ ማዳመጥ ነው።

ስለዚህ ግድግዳውን ለሁለት እንድትካፈሉት እመክራለሁ፤ እኩል ግን አይሁን። 420 ሴንቲ ሜትሩን ለሦስት ይክፈሉት። አንድ እጁ፣ 140 ሴ.ሜ የሚሆነው፣ በቀኝ በኩል ከወለል እስከ ኮርኒስ ፓነል ይልበስ። የቀረው 280 በቀለም ብቻ ይቆይ። ሶፋው እዚያ ይቀመጥ፣ ፎቶዎቹ ከሶፋው በላይ ይውጡ። ፓነሉን ወደ ቀኝ የወሰድኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ያ የግራው ጥግ ሳይሸፈን እንዲቀር፣ እንዲተነፍስና ዳግም ቢላጥ ወዲያው እንዲያዩት ብዬ ነው። ሶፋውንም ከግድግዳው አምስት ያህል ሴንቲ ሜትር ራቅ ያድርጉት፤ አየር ይለፍ።

«ሙሉውን ነበር የፈለግኩት» እንደሚሉ አውቃለሁ። አራት ሜትር ከሃያ ሙሉ በቦይ የተሞላ ግድግዳ ፎቶ ላይ ያምራል። ቤት ውስጥ ግን በየቀኑ ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። ቦዮቹ ውስጥ አቧራ ይገባል፣ አንድ በአንድ ነው የሚጠረገው። ደግሞ ጠቆር ያለ ቀለም ከመረጡ ክፍሉ ይጠብብዎታል። አንድ ሦስተኛው ግን መስመሮቹ ወደ ላይ ስለሚሄዱ ኮርኒሱን ከፍ ያለ ያስመስለዋል፤ የቀረውን ግድግዳም አያፍነውም።

የፓነሉን ዓይነት በተመለከተ አጭር ልሁን። ኤምዲኤፍ ርካሽና ለቀለም ምቹ ነው፣ ውሃ ግን አይወድም። የተቆረጠው ጠርዝ ውሃን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፤ ስለዚህ ጠርዙ ከፊቱ በላይ ቀለም መጠጣት አለበት። ሲቆረጥ የሚወጣው ዱቄት ደቃቅ ስለሆነ ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን፣ አፍና አፍንጫም ይሸፈን። ከባድም ነው። 122 በ244 የሆነው ሙሉ ቁራጭ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 26 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ፒቪሲና ከፕላስቲክና ከእንጨት ዱቄት ተደባልቆ የሚሠራው ፓነል ውሃ አይፈሩም፣ ቀላል ናቸው፣ ሙቀት ግን ያጣምማቸዋል፤ ምድጃና ማሞቂያ አጠገብ አይሁኑ። ጠንካራ እንጨት ከሁሉም ያምራል፣ ከሁሉም በላይ ይንቀሳቀሳል ደግሞ። እርጥበት ሲጨምር ይሰፋል፣ ሲቀንስ ይጠብባል። ከመገጠሙ በፊት ሁለት ቀን እዚያው ክፍል ውስጥ ተጋድሞ ይቆይ።

ከጀርባው ተልጦ የሚለጠፈውን የፎም «ጡብ» ግን አልመክርም። ሳነሳው ልሳደብ እደርሳለሁ። ሲነቀል ቀለሙንና ስቱኮውን ይዞ ይመጣል። እሳት ከነካው ደግሞ ጭሱ መጥፎ ነው።

አንድ ቀላል ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የሚስተው። ከመግዛትዎ በፊት የአንዱን ፓነል ስፋት ይጠይቁ። 140 የሚለው ቁጥር የተቀደሰ አይደለም። አንዱ 16 ሴ.ሜ ከሆነ ዘጠኙ 144 ይሆናል፤ እንግዲያው ፓነሉ 144 ይሁን። እንዲህ ካልሆነ መጨረሻ ላይ አንዱን በቁሙ ሰንጥቆ ማስገባት ይመጣል። የተሰነጠቀው ደግሞ ሁልጊዜ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው የሚወድቀው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

አገጣጠሙ ላይ ሙጫ ብቻ አላምንም። ሙጫው የሚይዘው ግድግዳውን ሳይሆን ቀለሙን ነው። እጅዎን ግድግዳው ላይ አሽተው ዱቄት ከያዘ ሙጫውም ዱቄቱን ይዞ ይወርዳል። የምወደው ቀጫጭን ሞራሌ በአግድም፣ ከ40 እስከ 50 ሴ.ሜ እያራራቁ ግድግዳው ላይ አስሮ ፓነሉን በሱ ላይ መግጠም ነው። ከኋላው አየር ይገባል፣ ወልገድ ያለ ግድግዳም በሞራሌው ይስተካከላል። ሞራሌው በውሃ ልክ ይለካ፤ ኮርኒሱን ወይም ወለሉን አይመኑ፣ ሁለቱም ይዋሻሉ። ዞኮሎ (የግድግዳው ግርጌ ላይ የሚዞረው ጠርዝ) ካለ ፓነሉ ከሱ በላይ ይጀምር፤ ወለል ሲወለወል ውሃው እንዳይደርሰው።

ሶኬት ወይም ማብሪያ ማጥፊያ ፓነሉ ስር ከገባ አይቅበሩት። ባለሙያ ጠርተው ወደ ፊት ያስወጡት። ትራፓኖ ከማንሳትዎ በፊትም ከሶኬትና ከማብሪያው ቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች፣ እንዲሁም በጎን ያለውን መስመር ይዝለሉ። ሽቦ ብዙ ጊዜ በዚያ ነው የሚያልፈው።

መብሳቱ ራሱ ቀላል ነው። ግድግዳው እንደ ብሎኬት ውስጡ ክፍት ከሆነ የትራፓኖውን መዶሻ ያጥፉት፤ አለዚያ ከኋላ ያለውን ስስ ግድግዳ ይሰብረዋል፣ ፊሸሩም (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ቪቴውን የሚይዘው ፕላስቲክ) ይዋልላል። ስድስት ቁጥር ፊሸር ለፎቶ ፍሬም ከበቂ በላይ ነው። በነገራችን ላይ ፊሸር የምንለው የሰው ስም ነው። አርቱር ፊሸር የሚባል ጀርመናዊ ነው ያን የናይለን ነገር እ.ኤ.አ. በ1958 የፈጠረው። ስንቱ ግድግዳ ላይ ስሙ እንደተቀበረ ሳስብ ይገርመኛል። ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ዱቄት ሳያወጡ ፊሸሩን አያስገቡ፤ ለመያዝ የሚያስፈልገው ፍትጊያ ነው፣ ዱቄት ደግሞ ያንሸራትተዋል። ከስር ወረቀት አጥፈው በፕላስተር ቢለጥፉ ዱቄቱን ይሰበስበዋል፣ ሶፋዎም ይተርፋል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ክፍል። ሃያው ፎቶ አይሰቀልም። ይቅርታ። ሃያውንም የሚሰቅል ሰው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ «አንዱን ከአንዱ ማበላለጥ አልቻልኩም» ነው። ሁሉን የመስቀል ነገር አዲስ አይደለም፤ የፈረንሳይ የሥነ ጥበብ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1667 የጀመረው የሥዕል ትርኢት ነበር። ከ1725 ጀምሮ ፓሪስ ባለው የሉቭር ቤተ መንግሥት ውስጥ ሳሎን ካሬ በሚባል አዳራሽ ይታይ ስለነበር ትርኢቱ ራሱ ሳሎን ተባለ። እዚያ ሥዕሎቹ ጎን ለጎን፣ አንዱ ባንዱ ላይ፣ እስከ ጣሪያው ድረስ ይደረደሩ ነበር። ሥዕሉ ብዙ፣ ግድግዳው ጥቂት ነበርና ነው። ዛሬ በዚያ መልክ ግድግዳ መሙላት እንደ ስልት ይወደዳል። ሲሳካ ያምራል። ግን ከባለ ቦይ ፓነል አጠገብ አይሆንም። እናንተ ሁለት ድምፅ መርጣችኋል፣ ሦስተኛ አትጨምሩ።

እኔ ብሆን ስምንት ቦታ ብቻ እሰጣለሁ። ሁሉም ፍሬም 30 በ40፣ በቁሙ። አራት በላይ፣ አራት በታች፣ በመካከላቸው 6 ሴ.ሜ። ሲደመር ስፋቱ 138፣ ቁመቱ 86 ይሆናል። ሶፋው 220 ስለሆነ 138 ወደ ሁለት ሦስተኛው ይጠጋል። ከሶፋ በላይ የሚሰቀል ነገር ከሶፋው ስፋት ሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛ ቢሆን ያርፋል። ከሶፋው በላይ ተበትኖ የቀረ ትንሽ ፍሬም ግን ያዝናል። የሶፋው መደገፊያ 85 ሴ.ሜ ከፍታ አለው እንበል። 20 ሴ.ሜ ይዝለሉና ከ105 ይጀምሩ። የላይኛው ጫፍ 191 ላይ ያልቃል፣ መካከሉ 148 ላይ ይወድቃል። ሙዚየሞች የሥዕልን መካከል የሚያውሉት ከ145 እስከ 155 ባለው ውስጥ ነው፤ የቆመ ሰው ዓይን እዚያ ስለሚደርስ። ቤት ውስጥ የማየው ትልቁ ስህተት ከፍ አድርጎ መስቀል ነው። ሰዉ ፎቶውን ኮርኒስ ሥር ሰቅሎ አንገቱን እያቀና ያየዋል።

የቀሩት ፎቶዎች አይጣሉም። ፍሬሙ አንድ ዓይነት ስለሆነ በየጥቂት ወሩ መቀያየር ነው። ሁለታችሁ የማትስማሙበት ፎቶ ካለም በፈረቃ።

ከመብሳታችሁ በፊት ስምንት ጋዜጣ በ30 በ40 ቁረጡና በፕላስተር ለጥፉ። ሁለት ሦስት ቀን ተቀመጡበት፣ እለፉበት፣ ማታ በመብራት እዩት። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ቀን ላይ «ትንሽ ዝቅ ይበል» የሚል ሰው ይገኛል። ጋዜጣው ከተስማማ ደግሞ የሚበሳው ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ በቀጥታ በጋዜጣው ላይ ብሱት። ፍሬሙ በስተኋላ ሽቦ ካለው ምልክቱ የሽቦው ጫፍ ሲወጠር የሚደርስበት ነው እንጂ የፍሬሙ አናት አይደለም። እኔ ለአንድ ፍሬም ሁለት ሚስማር እወዳለሁ። በአንድ ሚስማር የተሰቀለ ፍሬም በር በተዘጋ ቁጥር ያዘነብላል።

የአባት ካሜራ። ይህን ጉዳይ ወድጄዋለሁ። መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ትንሽ ስለሆነ ይጠፋል፣ አቧራም ይበላዋል። ስለዚህ ከስምንቱ ቦታ አንዱን ይውሰድ። ልክ 30 በ40 የሆነ፣ ጥልቀቱ 12 ሴ.ሜ ያህል፣ ፊቱ መስታወት የሆነ ሳጥን ያሠሩለት። ጀርባው ጠቆር ያለ ይሁን። ከሩቅ ሲታይ ከፎቶዎቹ ጋር አንድ ረድፍ ነው፤ ሲጠጉት ካሜራ ነው። ሰው የሚነሣው ያኔ ነው፣ «ይሄ ይሠራል?» ብሎ። ቦታው ግን የላይኛው ረድፍ ይሁን፣ ዳር ላይ። በታችኛው ረድፍ ከሆነ ከሶፋው የሚነሣ ሰው ጭንቅላቱን ይመታዋል። ሳጥኑን ግድግዳው ላይ በሁለት ቪቴ ያጥብቁት። ድሮ በዚያ ካሜራ የተነሣ ፎቶ ካላችሁ ደግሞ አጠገቡ ስቀሉት።

ማሰሮው ለፓነሉ ነው። ፓነሉ ላይ ምንም አይሰቀል፣ ምንም። ከፊቱ ከ40 እስከ 45 ሴ.ሜ ከፍታ ያለው ዝቅ ያለ ሣጥን ወይም ጠረጴዛ ያስቀምጡና ማሰሮው ብቻውን ይቀመጥበት። ከመሃል ትንሽ ወደ አንድ ጎን። ክቡ የሸክላ ሆድና ቀጥ ያሉት መስመሮች እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ልጅ ወይም ድመት ካለ ማሰሮው ውስጥ ትንሽ አሸዋ ጨምሩበት፣ አይገለበጥም። አጠገቡ አበባ፣ ሻማ፣ ሰዓት ለማስቀመጥ እጃችሁ ይበላችኋል። ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሡት።

መብራቱን ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚያስበው፤ ሽቦው ግን ከፓነሉ በፊት መግባት አለበት። ፓነሉ ከኮርኒስ በኩል ቁልቁል የሚወርድ መብራት ይፈልጋል። ብርሃኑ እየታከከው ሲወርድ ቦዮቹ ይወጣሉ። ያንኑ መብራት የፎቶው ግድግዳ ላይ ካደረጉት ግን የልስኑን እያንዳንዱን እብጠት ያጋልጥብዎታል። እዚያ መብራቱ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ወደ ፎቶዎቹ 30 ዲግሪ ያህል ይዘንብል፤ መስታወቱም አያንጸባርቅም። ኤልኢዲ ሲገዙ ካርቶኑ ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን (ሞቅ ያለ፣ ቢጫማ ብርሃን) የሚለውን ይምረጡ። 6500 የሚለው ሸክላውንም የሰውንም ፊት ያመዳል። የቀን ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ከሆነ ደግሞ የፎቶዎቹን ኮፒ ስቀሉ፣ ዋናውን አስቀምጡ። ሙዚየሞች ለወረቀትና ለጨርቅ ብርሃኑን ወደ 50 ሉክስ፣ ማለትም ደብዘዝ ወዳለ ብርሃን የሚያወርዱት እንዲሁ አይደለም፤ የደበዘዘ ፎቶ አይመለስም።

ቅርጫቶቹ ቀሩ። እነሱን እዚህ ግድግዳ ላይ አላየሁላቸውም፣ ለባለቤትዎ እርስዎ ይንገሩልኝ። ቀላል ናቸው፣ አንድ አንድ ሚስማር ይበቃቸዋል። ኮሪደር ወይም የምግብ ጠረጴዛው ጋ ጎን ለጎን ቢሰቀሉ የራሳቸው ግድግዳ ይኖራቸዋል። እስከዚያው ግን ላስቲኩን ዛሬ ማታ ይለጥፉት።